ወንድሜ ከጓንዡ ያመጣው መራራ ፍሬ፦ ካንሰር ያጠፋል የሚባለው እውነት ነው?

ሊያ_ሳሪስ
ሰላም ቤቶች። ረዘም ስለሚል ታገሱኝ። አክስቴ የጡት ካንሰር ይዟት ኪሞ እየወሰደች ነው። ወንድሜ ደግሞ ዕቃ ሊያመጣ ጓንዡ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ግማሽ ኪሎ የሚሆን ፍሬ በከረጢት ይዞላት መጣ። አልመንድ ይመስላል፣ ግን አነስ ይላል፣ የልብ ቅርጽ አለው፣ ሲቀምሱት ያንገሸግሻል። አፕሪኮት የሚባለው ኮክ የሚመስል ፍራፍሬ ዘሩ ሲሰበር ከውስጡ የሚወጣው ፍሬ ነው አሉት። ቻይኖች ለሁለት ሺህ ዓመት መድኃኒት አድርገውታል፣ ቫይታሚን ቢ17 አለው፣ ጤነኛውን ሴል ትቶ የካንሰሩን ብቻ ይገድላል የሚል ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ አይቶ ነው የገዛው። አክስቴ ከነገ ጀምሮ በቀን አስር አስር ፍሬ ልትበላ ነው። እኔ ደስ አላለኝም። የምታውቁት ነገር ካለ በናታችሁ ቶሎ ንገሩኝ።

ዳማከሴ
እህቴ መጀመሪያ ከረጢቱን ከእጇ አውጪ። አንድም እንዳትበላ። ፋርማሲስት ነኝ፣ ምክንያቱን አሁን እጽፍልሻለሁ።

እዚያ ፍሬ ውስጥ አሚግዳሊን የሚባል ነገር አለ፣ ቪዲዮው «ቢ17» የሚለው እሱን ነው። ፈረንሳዮቹ ሮቢኬና ቡትሮን ሻርላር እ.ኤ.አ. በ1830 ከመራራ አልመንድ ለይተው ያወጡት ነው፣ መራራ አፕሪኮት ውስጥም ያው ነው። ሞለኪውሉ ሁለት ግሉኮስ፣ ቤንዛልዴሃይድና ሳያናይድ ተያይዘው የተሠራ ነው። ሳይነካ ከተቀመጠ ያን ያህል አይጎዳም። ግን ተክሉ ይህን ሞለኪውል የሚቆራርጥ ኢንዛይምም እዚያው ፍሬ ውስጥ ሌላ ክፍል ላይ አስቀምጧል። ክብሪትና ቤንዚን አንድ ቤት ውስጥ በተለያየ ክፍል እንዳሉ ቁጠሪው። ስታኝኪው ግድግዳው ፈርሶ ይገናኛሉ። መጀመሪያ አንዱ ግሉኮስ ይቆረጥና ፕሩናሲን ይቀራል፣ ቀጥሎ ሁለተኛው ይቆረጥና ማንደሎኒትሪል ይቀራል፣ እሱ ደግሞ ለሁለት ይከፈልና ቤንዛልዴሃይድና ሃይድሮጅን ሳያናይድ ይሆናል። ሳያናይድ ሲባል ያው በፊልም የምናየው መርዝ ነው፣ ሌላ አይደለም።

ሒሳቡን ደግሞ እይው። አንድ ግራም አሚግዳሊን ሙሉ በሙሉ ከፈረሰ 59 ሚሊግራም ገደማ ሃይድሮጅን ሳያናይድ ይወጣዋል። ሰውን የሚገድለው መጠን በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ0.5 እስከ 3.5 ሚሊግራም ነው ይባላል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 አስልቶ፣ አንድ አዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ ከሦስት ትናንሽ ጥሬ ፍሬ በላይ ከበላ ጉዳት የለውም ከሚባለው መጠን ሊያልፍ ይችላል ብሏል። ለሕፃን አንዷም ትበዛለች። አክስትሽ የተባለችው አስር ነው።

ተፈጥሮ_ይሻላል
ይሄው ተጀመረ። ተፈጥሮ የሰጠን ነገር ሁሉ መርዝ ነው፣ ፋብሪካ የሠራው ኪሞ ግን ማር ነው አይደል? ጸጉር የሚያራግፈው የቱ ነው? ቻይኖቹስ ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ ሳያናይድ ሲበሉ ኖሩ? ሞተው ባለቁ ነበር። መድኃኒት ሻጮች በርካሽ የሚገኝ ነገር አይወዱም፣ ነገሩ እሱ ነው።

ጓንዡ_ነኝ
ወንድም፣ እኔ ጓንዡ ነው የምኖረው። የባህል መድኃኒት መደብሮቹን ከዕቃ ጥቅል ሥራዬ የተነሳ በደንብ አውቃቸዋለሁ፣ የመጋዘን ጎረቤቶቼ ናቸው። ስለዚህ ቻይኖቹ እንዴት እንደሚጠቀሙበት ልንገርህ።

ፍሬው ኩ ሺንግ ሬን ይባላል። የሚሰጡት ለሳል፣ ለትንፋሽ ማጠርና ለሆድ ድርቀት ነው። ለሆድ ድርቀቱ የሚረዳው ዘይቱ ነው፣ የፍሬው ግማሽ ገደማ ዘይት ነው። ለካንሰር የሚል ነገር በድሮ መጻሕፍታቸው መደበኛ አገልግሎቱ ሆኖ አታገኝም። ዣንግ ዦንግጂንግ የሚባለው ሐኪም፣ የዛሬ 1800 ዓመት ገደማ በሃን ሥርወ መንግሥት ማብቂያ የኖረ፣ ማ ኋንግ ታንግ የሚባል ቅመማ ጽፎ አልፏል። አራት ነገር ነው ያለው፦ ማ ኋንግ የሚባለው ተክል፣ የቀረፋ ቀንበጥ፣ ይህ ፍሬና የሊኮሪስ ሥር። ብርድ መትቶት ላብ አልወጣ ብሎ ለሚያስለውና ለሚያቃስተው ሰው ነው። ሰውየው ላቡ ከወጣ ይቆማል። በየቀኑ ለወራት የሚቃም ነገር አይደለም።

ደግሞ ጥሬውን አይቅሙም! የፈላ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ይነከራል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈስበታል፣ ቡናማ ልጣጩ ታሽቶ ይወጣል፣ ይደርቃል። መደብር ውስጥ ያለው የታከመ ፍሬ ነጣ ያለ፣ ልጣጭ የሌለው፣ ብዙው ለሁለት የተከፈለ ነው። የመንግሥታቸው የመድኃኒት መጽሐፍ ራሱ «ጥቂት መርዝ አለው» ብሎ ጽፎበታል፣ መጠኑንም ለአዋቂ በቀን ከ5 እስከ 10 ግራም ተፈልቶ ብሎ ገድቧል፣ ከመጠን እንዳያልፍም አስጠንቅቋል። ስለዚህ «ቻይኖቹ አያውቁም ነበር ወይ» ላልከው፣ ካንተ በላይ ያውቁ ነበር።

የሊያ ወንድም ከየት እንደገዛው አላውቅም። ግን ቡናማ ልጣጩ ካለበት ጥሬው ነው።

ሚሽሚሽ_ዱባይ
ቆይ እኔ ግራ ገባኝ። እዚህ ዱባይ ሚሽሚሽ (አፕሪኮቱን ማለቴ ነው) ስበላ ዘሩን ሰብሬ ውስጡን እበላለሁ፣ ማዳሜም ትበላለች፣ ልጆቿም። ምንም ሆነን አናውቅም። በየሱቁም ይሸጣል እኮ፣ ተቆልቶ በጨው።

ዳማከሴ
ሚሽሚሽ፣ ጣዕሙ ጣፋጭ ነው መራራ? ልዩነቱ እሱ ነው። ጣፋጭና መራራ ዝርያ አለ። በጣፋጩ ውስጥ አሚግዳሊኑ በጣም ጥቂት ነው፣ ለመክሰስ የሚሸጠውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። መራራው ላይ የቻይና የመድኃኒት መጽሐፍ ከ3 በመቶ እንዳያንስ ይጠይቃል፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ የሚይዝ ብዙ ነው። ምሬቱ የሚመጣው ከአሚግዳሊኑ ስለሆነ ምላስሽን ብታምኚው ይሻላል፣ የመረረሽን ትፊዋለሽ። ለልጆቹ ግን ዘር እየሰበርሽ ባትሰጪ ደስ ይለኛል፣ ከአንድ ዛፍ የመጣ መሆኑንና አለመሆኑን አታውቂም። ቱርክ ውስጥ አፕሪኮት በብዛት ስለሚመረት፣ መራራውን ፍሬ በልተው ሆስፒታል የገቡ ሕፃናት በሕክምና መጽሔት ላይ ተመዝግበዋል።

ጓንዡ የጻፈውን መንከር በኬሚስትሪ ልጨምርበት፣ እኔን በጣም የሚገርመኝ እሱ ነው። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፣ የፈላ ውሃ ሲነካው ይሞታል። አሚግዳሊኑ ግን ሙቀቱን ይችላል። ስለዚህ ያች ጥቂት ደቂቃ ቆራጩን ገድላ ሞለኪውሉን ታተርፋለች። ዱቄት አድርገሽ በቀዝቃዛ ውሃ ብትበጠብጪው ግን ተቃራኒው ነው፣ ኢንዛይሙ እንደ ልቡ ይሠራል። የሃን ዘመን ሰዎች ኢንዛይም የሚባል ቃል አልነበራቸውም፣ ግን ልጣጩንና ጫፉን አውጥታችሁ ተጠቀሙ ብለው ጽፈዋል።

ያ ማለት ግን ከተነከረ በኋላ ውሃ ሆነ ማለት አይደለም። አንጀታችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ተመሳሳይ ኢንዛይም አላቸው፣ ቀስ እያሉ ይቆርጡታል። በመርፌ የገባ አሚግዳሊን አብዛኛው እንዳለ በሽንት ይወጣል፣ በአፍ የተዋጠው ግን አደገኛ የሚሆነው በዚህ ነው። የቻይና መማሪያ መጻሕፍት ስለ ሳሉ ሲያስረዱ እንዲህ ቀስ ብላ የምትወጣው ጥቂት ሳያናይድ የአተነፋፈስ ማዕከሉን ታረጋጋለች ይላሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን በሰው ላይ በደንብ የተሠራ ማስረጃ ሳላይ ለሳል አልሰጥም። የሚያረጋጋው ነገር ትንሽ ሲጨምር ትንፋሽ የሚያቆመው ያው ነገር ነው፣ በመሐል ያለው ክፍተት ደግሞ ጠባብ ነው። 9 ግራም ጥሬ ፍሬ፣ በዝቅተኛው 3 በመቶ እንኳ ብናሰላው፣ ሁሉም ከፈረሰ 16 ሚሊግራም ገደማ ሳያናይድ ነው። ለ60 ኪሎ ሰው የገዳዩ መጠን ታችኛው ወለል 30 ነው። ከግማሽ በላይ ደርሰሻል።

ተፈጥሮ_ይሻላል
እሺ ኬሚስትሪውን ተውልኝ። ቢ17 ለካንሰር መሆኑን ያልሞከራችሁት ለምንድን ነው? ጥናት አይደረግበትም፣ ስለሚፈሩት።

ዳማከሴ
ተደርጓል እኮ ወንድሜ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ጥናት ነው፣ የአሜሪካው ሆስፒታል ማዮ ክሊኒክ የመራው፣ 178 የካንሰር ሕሙማን የገቡበት። አሚግዳሊኑን ብቻ አልሰጧቸውም፣ ደጋፊዎቹ የሚሉትን ምግብና ቫይታሚን ጭምር ሰጧቸው፣ ሰበብ እንዳይኖር። አልፈወሰም። አላረጋጋምም። ዕድሜም አላራዘመም። የአንዳንዶቹ ደም ውስጥ ሳያናይዱ ወደ ገዳይ መጠን ተጠግቶ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት ገምጋሚዎች ያለውን ሁሉ ሰብስበው ሲያዩ፣ ጥቅም አለው የሚያሰኝ የታመነ ማስረጃ አላገኙም።

«ቢ17» የሚለውን ስም የሰጠው ደግሞ ኤርነስት ክሬብስ ትንሹ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ሌትሪል የሚባለውን የአሚግዳሊን ዘመድ ይሸጡ ነበር፣ መድኃኒት ነው ሲሉ ተቆጣጣሪ መጣባቸው፣ ስለዚህ ቫይታሚን ሆነ። ቫይታሚን ማለት ሲጎድል የሚያሳምም ነገር ነው። አሚግዳሊን ጎድሎበት የታመመ ሰው የለም። ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን ከአሜሪካ ሐኪሞች ተስፋ ሲያጣ ሜክሲኮ ሄዶ ይህንኑም ወስዷል፣ እ.ኤ.አ. በ1980 እዚያው ሞተ። ገንዘብ አንሶት አልነበረም።

የካንሰሩን ሴል ብቻ ይመርጣል የሚለውም አይሠራም። ሐሳቡ የካንሰር ሴል ቆራጩ ኢንዛይም ሞልቶታል፣ ሳያናይድ የሚያከሽፈው ኢንዛይም ግን የለውም የሚል ነበር። ሲለካ እንዲያ ሆኖ አልተገኘም።

የሐይፋ_ነርስ
ሊያዬ፣ እግዜር ይማርልሽ አክስትሽን። እኔ እዚህ እስራኤል ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው፣ ከምልክቱ በኩል ትንሽ ልበል።

ሳያናይድ ሳንባን አይነካም። ኦክስጅኑ ደም ውስጥ ሞልቶ ሴሉ መጠቀም ያቅተዋል፣ ምክንያቱም በሴሉ ውስጥ ያለውን የመጨረሻውን የመተንፈሻ ኢንዛይም ይዘጋዋል። ስለዚህ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ግራ መጋባት፣ ከባሰ መንዘፍዘፍና ራስን መሳት ነው። ፍሬ በልቶ ከሆነ ከደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። ያኔ ወተት፣ ሎሚ ምናምን ብሎ ጊዜ ማጥፋት የለም፣ ቀጥታ ሆስፒታል፣ ከረጢቱንም ይዞ።

የኪሞ ሕመምተኛ ላይ እጥፍ የምፈራው ለምን መሰላችሁ? ሰውነታችን ጥቂት ሳያናይድ በሰልፈር አማካይነት ወደ ታዮሳያኔት ቀይሮ በሽንት ያስወጣዋል። ያ ሰልፈር የሚመጣው ከፕሮቲን ነው፣ ከእንቁላል፣ ከሥጋ። ኪሞ ላይ ያለ ሰው ምግብ አልበላ ብሎት ከስቷል፣ ስንቁ የለውም። ማቅለሽለሽ ሲመጣባት ደግሞ የኪሞው ነው ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ቪዲዮዎቹ ደግሞ ከብዙ ቫይታሚን ሲ ጋር ውሰዱ ይላሉ፣ አብሮ ሲወሰድ መርዙ እንደሚብስ የተጻፈ አለ።

መፍቻው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሃይድሮክሶኮባላሚን። የቢ12 ዓይነት ነው! ሳያናይዱን ጨብጦ ይዞት ይወጣል። ሐሰተኛው ቢ ያመጣውን እውነተኛው ቢ ያወጣዋል እላለሁ ሁሌ ለተማሪዎች 😅

ዳማከሴ
ነርሷ ይህን ካነሳሽ አንድ ታሪክ ልጨምር፣ ከርዕስ ወጣ ቢልም። ቼን ኮ ኩዌይ የሚባል ቻይናዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፔኪንግ ሆኖ ከካርል ሽሚት ጋር በኤፌድሪን ላይ ሠራና የምዕራቡ ሕክምና መድኃኒቱን እንዲቀበለው አደረገ። ኤፌድሪን ማለት ጓንዡ ከጠቀሰው ከማ ኋንግ የሚወጣው ነው። ከዚያ አሜሪካ ሄዶ ኢላይ ሊሊ ኩባንያ ገባና በ1930ዎቹ የሳያናይድ መፍቻ የሆነውን የሶዲየም ናይትራይትና የሶዲየም ታዮሰልፌት ጥምር አወጣ። አሥርት ዓመታት ሙሉ ዓለም የተጠቀመበት ነው። በዚያ በማ ኋንግ ታንግ ውስጥ ጎን ለጎን የሚፈሉትን ሁለቱን ነገሮች፣ ማ ኋንጉንና ፍሬውን፣ አስቡ፣ የአንዱን መድኃኒት ለዓለም አስተዋወቀ፣ የሌላውን መርዝ መፍቻ ሠራ። ያው አንድ ሰው።

ጡረተኛው
ልጆቼ፣ ሳነብ ቆየሁና አንድ ነገር ልጠይቅ። ተልባም ሳያናይድ አለው ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ በየጾሙ ተልባ ነው የምጠጣው። ልተወው?

ዳማከሴ
ጋሼ እንኳን አይተዉት። ተልባ ውስጥ የአሚግዳሊን ዘመድ የሆኑ ነገሮች አሉ፣ ሊኑስታቲንና ኒዮሊኑስታቲን ይባላሉ። መጠናቸው ግን ከመራራው አፕሪኮት ጋር አይወዳደርም። ደግሞ እኛ ተልባን ቆልተን ነው የምንወቅጠው፣ ቁላቱ ኢንዛይሙን ይቀንሰዋል። አንድ ሁለት ብርጭቆ ለጤነኛ አዋቂ አያሳስብም። ጥሬውን ፈጭቶ በማንኪያ በማንኪያ ቀኑን ሙሉ መዋጥ የሚባለው አዲሱ የኢንተርኔት ፋሽን ግን ሌላ ነው፣ እሱን ቀነስ ያድርጉ እላለሁ።

ካሳቫም አለ። ደቡብ ላይ ወላይታና ጋሞ የሚበላው። መራራው ዓይነት ተልጦ፣ ተቆራርጦ፣ ተነክሮ ወይ በደንብ ደርቆ ካልተዘጋጀ ያው ሳያናይድ ነው። ፕሮቲን በሌለበት በካሳቫ ብቻ የሚኖር ሰው እግሩ ሽባ የሚሆንበት ኮንዞ የሚባል በሽታ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ብዙ ታይቷል። ነርሷ ያለችው የሰልፈር ጉዳይ ነው።

ጡረተኛው
ተባረክ ልጄ። ተልባዬን ሊቀሙኝ ነው ብዬ ነበር።

ሚሽሚሽ_ዱባይ
ጓንዡ፣ ሾርባ ውስጥ ይከቱታል የሚባለውስ? ፊሊፒንስ ጓደኛዬ የቻይና ምግብ ቤት አይቻለሁ አለች።

ጓንዡ_ነኝ
አዎ፣ ሰፈሬ ውስጥ በሽ ነው። እዚህ የካንቶን (የጓንዡ አካባቢ) ሰዎች «የደቡብ» የሚሉትን ጣፋጩን በብዛት፣ «የሰሜን» የሚሉትን መራራውን በጣም ጥቂት ቀላቅለው ለረጅም ሰዓት ይቀቅሉታል። ታዋቂው ከአሳማ ሳንባ ጋር የሚሠራው ነው፣ ለደረቅ ሳል ይላሉ። እኔ አልቀመስኩትም፣ ብቀምስ እናቴ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥታ ነው የምትገርፈኝ። ነጩን የሺንግ ሬን ሻይ ግን እጠጣለሁ፣ ወተት የመሰለ ነው፣ ይጣፍጣል። ብዙ ሰው የአልመንድ ይመስለዋል፣ የአፕሪኮት ነው።

ሊያ_ሳሪስ
ሁላችሁንም አነበብኩ። አይቼዋለሁ፣ ቡናማ ልጣጩ አለበት። ጥሬ ነው። አክስቴ ትናንት ሁለት ፍሬ ለቅምሻ በልታ ነበር፣ ዛሬ ደህና ናት። ወንድሜ ተኮሳትሯል፣ «ያን ሁሉ አገር ተሸክሜ» እያለ። የዳማከሴን ሒሳብ ሳነብለት ግን ዝም አለ። አሁን የሚለው «እንግዲያው ቻይኖቹ እንደሚያደርጉት በፈላ ውሃ እንንከረውና ትብላ» ነው። ይሆናል?

ዳማከሴ
አይሆንም። አንደኛ፣ የተነከረውም ለካንሰር ምንም አይፈይድም፣ ቻይኖቹም ለዚያ አይሰጡትም። ታዲያ ለምን? ሁለተኛ፣ ከላይ እንዳልኩት አንጀቷ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች አልተነከሩም። ሦስተኛ፣ ሐኪሟ አያውቅም። ሁለቱ ፍሬ ትናንት ከሆነ የመጣው አልፏል፣ ግን ለካንሰር ሐኪሟ ንገሩት፣ ከኪሞው ጋር ሌላ የጀመረችው ቅጠላቅጠልም ካለ ጨምሩበት። ሐኪም ይቆጣናል ብላችሁ አትደብቁ።

ወንድምሽንም አትጫኑት። ለአክስቱ ብሎ ነው የተሸከመው።

የሐይፋ_ነርስ
ለወንድምሽ ሥራ ስጪው ሊያዬ። እንቁላል ይግዛላት፣ ሾርባ ይሥራላት፣ የኪሞ ቀን አብሯት ይቀመጥ።

ተፈጥሮ_ይሻላል
እኔ አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመንኩም። ግን ሰው በቀን አስር ጥሬ ይብላ አላልኩም፣ ይመዝገብልኝ።

ኮሎኝ_ነዋሪ
እኔ ዘግይቼ ገባሁ። እዚህ ጀርመን ፐርሲፓን የሚባል ጣፋጭ አለ፣ ማርዚፓን የሚመስል ግን ረከስ ያለ፣ ከአፕሪኮት ፍሬ የሚሠራ። የገና ኬክ ውስጥ አለ። ልጆቼ ይበሉታል። እሱስ?

ዳማከሴ
ፋብሪካው ፍሬውን በውሃ እየዘፈዘፈ መራራውን አውጥቶ ነው የሚሠራው፣ ይብሉ። ጥሬውን በተመለከተ የአውሮፓ ኅብረት ከ2017 ጀምሮ ለተጠቃሚ የሚሸጥ ጥሬ የአፕሪኮት ፍሬ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ሳያናይድ እንዳይኖረው ወስኗል። መራራው ይህን ጣሪያ በብዙ እጥፍ ያልፋል። ስለዚህ በኢንተርኔት «መራራ፣ ንጹሕ፣ ቢ17» ተብሎ የሚላክልህ ካለ ሕጉን ጥሶ ነው።

ሊያ_ሳሪስ
የመጨረሻ ጥያቄ፣ አትሳቁብኝ። ግማሽ ኪሎ ነው፣ መጣሉ አሳዘነኝ። እናቴ ለዶሮዎቹ ፈጭቼ ልስጥ አለች።

ዳማከሴ
😂 ለዶሮም አይሆንም። መፍጨት ማለት ኢንዛይሙን ማገናኘት ነው። በከረጢቱ እንዳለ አስራችሁ ልጅም ከብትም የማይደርስበት ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት።